ፓይዳንቲክ በአራዳው እህል መጋዘን፦ እምቢታው ወርቅ፣ እሺታው ግን ይጠርጠር

ፍርዴን ላስቀድም። ፓይዳንቲክ ወደ ፕሮግራም የሚገባው መረጃ በተፈለገው መልክ መሆኑን የሚያጣራ፣ ለፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። ነጻ ነው። ስህተትን እንደሱ ጥርት አድርጎ የሚናገር የፓይተን መሣሪያ እስካሁን አልገጠመኝም። ግን «እሺ» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። ጎበዝነቱ «እምቢ» ሲል ነው።

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ሆኜ ለትናንሽ ንግዶች ፕሮግራም እጽፋለሁ። ለመድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የአልጋ መያዣ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ዛሬ የማወራው ግን አራዳ አጠገብ ላለ የእህል መጋዘን ስለሠራሁት ነው። ጤፉና ሽምብራው ከደምቢያ ይገባል፤ ሰሊጡ ከመተማ በኩል ይመጣል። ደንበኞቹ ምግብ ቤቶች፣ እንጀራ ጋጋሪዎችና ድግስ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ትዕዛዝ የሚልኩት በቴሌግራም ነው። እንዲህ ይመጣል፦

«ሰላም ጋሼ እንዴት ዋሉ
ማኛ 3 ኩንታል
ሽምብራ ሁለት ተኩል
ሰርገኛ 1 ማዳበሪያ
ለጥር 9 ይድረስልኝ፣ በዱቤ»

ባለመጋዘኑ ይህን አይቶ ወዲያው ይገባዋል። ፕሮግራሙ ግን የእህሉን ስም ለብቻ፣ መጠኑን ለብቻ፣ መለኪያውን ለብቻ፣ ቀኑን ለብቻ ይፈልጋል። አለዚያ መደመርም፣ የቀረውን ማየትም፣ ዱቤውን መቁጠርም አይቻልም። ጽሑፉን ቆራርጦ በየቦታው ማስቀመጥ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ሳይገጥም ሲቀር ምን እናድርግ የሚለው ነው።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው ኮድ ይታወቃል። መስመሩን በባዶ ቦታ ትቆርጣለህ፣ ሁለተኛውን ቃል ወደ ቁጥር ትቀይራለህ፣ ዙሪያውን በትራይና ኤክሴፕት፣ ማለትም «ሞክር፣ ስህተት ከመጣ ያዘው» በሚለው የፓይተን ትእዛዝ፣ ታጥራለህ። ቁጥሩ እምቢ ካለ ፕሮግራሙ «ስህተት አለ» ብሎ ይቆማል። የቱ ጋ? የትኛው ዕቃ ላይ? ዝም። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ብቅ ይላል፤ እሱን ስታስተካክል ሦስተኛው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤክሴፕት ብሎ ከሥሩ «ፓስ» (ዝም ብለህ እለፍ) የሚጽፈው ነው። የሰው ትዕዛዝ ሽምብራው ጠፍቶ ይመዘገባል፣ ማንም አያውቅም። በድግስ ዋዜማ ሽምብራ የጎደለባት ሴት ምን እንደምትል ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ፓይተን ራሱ ከ3.7 ጀምሮ ዳታክላስ የሚባል ነገር አለው። ፊልዶቹን (እንደ እህል፣ መጠን፣ ቀን ያሉትን የመረጃ ቦታዎች) ከነዓይነታቸው ትዘረዝርበታለህ፤ ያምራል። ግን «መጠን ቁጥር ነው» ብለህ ጽፈህ «ሁለት ተኩል» ብትሰጠው ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል። የዓይነቱ ስም ለአንባቢው ነው እንጂ አያጣራም።

ፓይዳንቲክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሳሙኤል ኮልቪን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 2017 የጀመረው ነው። ፈቃዱ ኤምአይቲ ስለሆነ ለደንበኛ በምትሸጠው ሥራ ውስጥም ብታስገባው የሚጠይቅህ የለም። ፋስትኤፒአይ የሚባለውን የድረ ገጽ አገልግሎት መሥሪያ የነካ ሰው ሳያውቀው ተጠቅሞበታል፤ እሱም ከሥር የሚያጣራው በዚሁ ነው። በ2023 ሁለተኛው ትውልድ ወጣ፤ ልቡም በራስት ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ፈጠነ ይላሉ፣ እውነትም ፈጥኗል። የእህል መጋዘን ትዕዛዝ ግን ለፍጥነት የሚያበቃ አይደለም፤ እኔ የወደድኩት ሌላ ነገሩን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ከላይ ያለውን የቴሌግራም መልእክት እንዳለ ብትወረውርለት አይገባውም። መስመሩን መቁረጥ የእናንተ ሥራ ነው፤ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍ ውስጥ ቅርጽ መፈለጊያ) ይሁን በሌላ። እሱ የሚቀበለው የተቆረጠውን፣ ወይም ጄሰን በሚባለው፣ ፕሮግራሞች በሚለዋወጡት የመረጃ አጻጻፍ የመጣውን ነው። ከዚያ በኋላ «መጠን» ዴሲማል (ነጥብ ሊኖረው የሚችል ቁጥር) ይሁን፣ ከ0 ይብለጥ፤ «መለኪያ» ኩንታል ወይም ኪሎ ብቻ ይሁን፤ «አከፋፈል» ዱቤ ወይም እጅ በእጅ ይሁን ትሉታላችሁ። ይህ ዝርዝር ሞዴል ይባላል። የፊልዶቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል፣ ፓይዳንቲክም ቅር አይለውም። እኔ «ዕቃዎች»፣ «መጠን»፣ «መለኪያ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ለጌጥ አይደለም፤ ስህተቱ ሲመጣ ጥቅሙ ይታያል።

ያንን ትዕዛዝ ቆርጬ ሰጠሁት። በአንዴ አራት ስህተት አወጣ። ሁለተኛው ዕቃ ላይ «ሁለት ተኩል» ቁጥር አይደለም። እዚያው ላይ መለኪያ የለም። ሦስተኛው ዕቃ ላይ «ማዳበሪያ» ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። «ጥር 9» ደግሞ ቀን ሆኖ አልተነበበም። አራቱም በአንድ ጊዜ! የመጀመሪያው ላይ አልቆመም። ለእያንዳንዱ ስህተት ደግሞ ቦታውን፣ የስህተቱን ዓይነት፣ መልእክቱንና የገባውን ጽሑፍ ራሱን ይሰጣል። ቦታው «ዕቃዎች፣ 1፣ መጠን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 1 ማለት ሁለተኛው ዕቃ ነው። ለሰው ስታሳዩት አንድ መጨመር አትርሱ።

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመጋዘኑ ሒሳብ ያዥ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ስክሪኑን አይተው «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ደግሞ ምን እያለኝ ነው?» አሉኝ። እዚህ ላይ ፓይዳንቲክ ተመቸኝ። እያንዳንዱ ስህተት ከመልእክቱ ሌላ የማይለዋወጥ አጭር መለያ አለው፤ የጎደለ ሲሆን አንድ፣ ቁጥር ካልሆነ ሌላ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ ሌላ። መለያውን ከአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጋር አጣመርኩት። አሁን እትዬ የሚያዩት «3ኛ ዕቃ፣ ሰርገኛ፦ መለኪያው 'ማዳበሪያ' ተብሏል። ኩንታል ወይም ኪሎ ይሁን» የሚል ነው። ሲያዩት ስልካቸውን አነሱና ደንበኛዋ ጋ ደወሉ። «እታለም፣ ማዳበሪያው የሃምሳው ነው የመቶው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማዳበሪያ ስንት ኪሎ እንደሆነ ፕሮግራም ሊያውቅ አይችልም። እኔም አላውቅም። የምታውቀው ያዘዘችው ሴት ብቻ ናት። ስለዚህ ይህ ስህተት መሄድ ያለበት ወደ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ገምቶ 50 ብሎ ቢያስገባ ኖሮ ያምር ነበር፣ ይፈጥን ነበር፣ ግን ሐሰት ይሆን ነበር። የጎደለው መለኪያ ግን ሌላ ነው። ባለመጋዘኑን ጋሼን ስጠይቃቸው «ለእኛ ቤት ያልተጻፈ ኩንታል ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል» አሉ። እንግዲያው በሞዴሉ ላይ ኩንታልን ነባሪ (ሳይጻፍ ሲቀር የሚወሰድ) አደረግኩት። ይህን የሚወስነው ባለቤቱ ነው እንጂ ኮድ ጻፊው አይደለም።

አሠራሩን ላስረዳ። ሙሉውን የቀን ትዕዛዝ አንድ ላይ አላጣራም። እያንዳንዱን መልእክት ለብቻው ነው። ያለፈው ወደ ሠንጠረዡ ይገባል። የወደቀው ከነሙሉ ጽሑፉና ከነምክንያቱ «ያልተነበቡ» በሚል ገጽ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ስለወደቀ ሌላው አይቆምም። ዋናው ጽሑፍ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

«ሁለት ተኩል»ን ለማስነበብ ከማጣሪያው በፊት የሚሠራ የራሳችሁን ፈንክሽን (ትንሽ የኮድ ቁራጭ) መሰካት ይቻላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተኩል፣ ሩብ የሚሉትን ከቁጥራቸው ጋር ያያዘ መዝገብ ሰጠሁት። «4,200 ብር» ውስጥ ያለውን ነጠላ ሰረዝም እዚያው አወጣሁት፤ ፓይዳንቲክ ነጠላ ሰረዝ ያለበትን ቁጥር አይቀበልምና። እዚህ ቦታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የእናንተ ፈንክሽን «ቫልዩ ኤረር» የሚባለውን (ዋጋው ልክ አይደለም የሚል) የፓይተን ስህተት ከወረወረ ፓይዳንቲክ ይዞ ከሌሎቹ ስህተቶች ጋር ይደምረዋል። ከመዝገቡ ውስጥ የሌለ ቃል ፈልጋችሁ «ኪ ኤረር» ቢወረወር ግን አይዘውም፤ ፕሮግራሙን ጥሶ ይወጣል። «ታይፕ ኤረር» (ዓይነቱ አይገጥምም የሚለው)ም በሁለተኛው ትውልድ እንደዚያው ነው። ስለዚህ መዝገቡን ስትፈልጉ የጠፋውን ራሳችሁ ይዛችሁ «ይህን ቃል አላውቀውም» የሚል ቫልዩ ኤረር አድርጉት።

የግዕዝ ቁጥርም ይመጣል። ጎንደር 44ቱ ታቦት ያለባት ከተማ ናት፤ የዝክርና የማኅበር ትዕዛዝ አይጠፋም፣ «፪ ኩንታል» ብሎ የሚጽፍም አለ። ፓይዳንቲክ ፪ን እምቢ ይላል። ጥሩ ያደርጋል። አሃዝ መሆኑን የሚመረምረው የፓይተን የራሱ «ኢዝዲጂት» ግን ፪ን «አዎ፣ አሃዝ ነው» ይላል፤ ወዲያው ወደ ቁጥር ቀይረው ስትሉት ይወድቃል። ፲ን ደግሞ ጭራሽ አሃዝ አይደለም ይላል። ይህ የፓይተን ጉድለት አይደለም። የግዕዝ ቁጥር በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት በሚያውቅበት መዝገብ፣ እንደ 0–9 በቦታ ዋጋ የሚሄድ ተብሎ አልተመዘገበም፤ እውነትም አይደለም። ፳፭ ሃያና አምስት ተደምሮ ነው፣ ፪፻ ደግሞ ሁለት መቶ ጊዜ ተባዝቶ። መቀየሪያውን በራሳችሁ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቀኑን ሆን ብዬ ፈተንኩት። ፓይዳንቲክ ቀን የሚወደው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ ተለያይተው ሲመጡ ነው። «09/05/2017» ብትሉት ይመልሳል። ደግ። ጥር 9 ቀን 2017ን «2017-05-09» ብዬ ሰጠሁት። ተቀበለው! ሜይ 9፣ 2017 የፈረንጅ አደረገው። እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጅ ጃንዋሪ 17፣ 2025 ነው። የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልዩነት፣ ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለጥምቀት የታዘዘ ጤፍ ከሰባት ዓመት በፊት መድረስ ነበረበት ማለት ነው።

የትኛው የእኛ ቀን ይወድቃል ብዬ ደግሞ አንድ በአንድ አየሁት። ጳጉሜን ይወድቃል፣ 13ኛ ወር የለማ። ጥቅምት 30 ይወድቃል፤ ፌብሩዋሪ 30 ይሆንበታል። ጥቅምት 29ም እንደ ዓመቱ። ሌላው ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ ይህን የጻፈ ሰው በመስከረም ቢሞክር ይሠራለታል፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበላሽበታል፣ ኅዳር ላይ እንደገና «ይሠራለታል»። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ነው ሰው የሚያሳብደው። ሲወድቅ ስታዩ ስለ አንድ ቀን ታስባላችሁ፤ ግን ያለፉትም ሁሉ ስህተት ናቸው።

ፓይዳንቲክን በዚህ መውቀስ አይገባም። ዓለም አቀፉን የቀን አጻጻፍ እከተላለሁ ብሏል፣ ተከትሏል። ግን በጎንደር ገበያ ውስጥ ማንም ሜይ አይልም። መፍትሔው የፓይተንን የቀን ዓይነት ለእኛ ቀን አለመጠቀም ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን ያለው የራሴን ሞዴል ሠራሁ። ወር ከ1 እስከ 13። ቀን ከ1 እስከ 30። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ግን እስከ 6። 2015 እንደዚያ ያለ ዓመት ነበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያጣራ ፈንክሽን ሁሉም ፊልድ ካለፈ በኋላ ይሠራል። ወደ ፈረንጅ የምቀይረው ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚመሳሰል ሌላም አለ። ቀንና ሰዓት የሚይዝ ፊልድ ላይ ሰረዙን አውጥታችሁ «20170509» ብትሰጡት ከ1970 መጀመሪያ የተቆጠረ ሰኮንድ ነው ብሎ ይገምታል። ቀኑ 1970 ውስጥ ይገባል። ይህም እሺታ ነው። «ስትሪክት» የሚባል ጥብቅ አሠራር አለው፤ ጽሑፍን ወደ ቁጥር እንዳይቀይር፣ እንዳይገምት ያደርጋል። እኔ በሁሉም ፊልድ አላበራውም፣ ከጽሑፍ ነውና የምነሳው። ሰዓት ባለበት ግን አበራዋለሁ። የእኛ ሦስት ሰዓት ጠዋት ለሱ ሌሊት ነውና እዚያም ሌላ ጣጣ አለ፤ ዝርዝሩን እተወዋለሁ።

አንድ የምመክረው ነገር፣ ሞዴሉ የማያውቀው ፊልድ ሲመጣ ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ እንዲከለክል አድርጉት። ነባሪው ማለፍ ነው። ለምን እንደሚጠቅም በኤክሴል ታዩታላችሁ። ከኤክሴል በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) የወጣ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ የጽሑፍ ፋይል፣ ፊቱ ላይ የማይታይ ምልክት ይኖረዋል። ፓይተን በተራ አከፋፈት ሲያነበው ምልክቱ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ፓይዳንቲክ «እህል የሚለው ፊልድ ጎድሏል» ይላል፤ እናንተ ደግሞ ፋይሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። እንግዳ ፊልድ ከተከለከለ ግን «እህል ጎድሏል» እና «እህል የሚባል እንግዳ መጥቷል» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ያወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ይነቃል። ፋይሉን ምልክቱን በሚያውቀው የዩቲኤፍ አነባበብ መክፈት ይበቃል።

ስልክ ቁጥር ጽሑፍ ይሁን። 09ም ይሁን 07፣ ቁጥር ካደረጋችሁት ፊቱ ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ትውልድ ቁጥርን ዝም ብሎ ወደ ጽሑፍ አይቀይርም፤ ኤክሴል ዜሮውን በልቶ 918 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ቢልክ ይጮኻል። ይህን ወድጄለታለሁ።

የማይረዳችሁ ቦታ ደግሞ አለ። ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የደንበኛ ዝርዝር ካላችሁ ዩኒኮድ አይደለም፤ ሲነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ለፓይዳንቲክ ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፣ ያልፋል። ስም ፊደሉ የግዕዝ መሆኑን የምታጣሩት ራሳችሁ ናችሁ። «ፀሐይ»ና «ጸሃይ»ም ለሱ ሁለት ሰው ናቸው። እኔ ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጬ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ ያዋሐደ ሌላ ፊልድ እይዛለሁ። የሰውየውን ስም አጻጻፍ መቀየር ነውር ነው።

መማሪያውስ? የራሱ ሰነድ ጥሩ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆንም። የሚያደናግረው ዩቲዩብ ነው። ብዙው ቪዲዮ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ «ቫሊዴተር»፣ «ፓርስ ኦብጅ»፣ «ዲክት» ይላል። አሁን «ፊልድ ቫሊዴተር»፣ «ሞዴል ቫሊዴት»፣ «ሞዴል ደምፕ» ሆነዋል። ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች የሚጣበቁት እዚህ ላይ ነው፤ ቪዲዮው ከ2023 በፊት ከሆነ ዝለሉት እላቸዋለሁ።

መጫኑ ቀላል ነው፣ ጥቂት ሜጋባይት ነው። አንዴ ከገባ ኔት አይፈልግም። ኔት በሌለበት ማሽን ላይ ለመጫን ኔት ካለበት «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው የፓይተን ማውረጃ ትእዛዝ አውርዳችሁ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ግን ልቡ ራስት ስለሆነ የወረደው ፋይል ከማሽኑ ዓይነትና ከፓይተኑ ቨርዥን ጋር መግጠም አለበት። ከሌላ ኮምፒውተር ያለ ማየት ገልብጣችሁ ብትሄዱ መጋዘኑ ድረስ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ።

አምስት መስመር ለሆነ ስክሪፕት አትድከሙ፤ ትራይና ኤክሴፕት ይበቃል። ሰው በእጁ የጻፈው ጽሑፍ በየቀኑ የሚገባበት ሥራ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ አስገቡት። የቀኑን ሞዴል ግን ከሱ በፊት ጻፉ።